ገድልና ታሪክ፣ ዜናና ወሬ፤ የከፋ አንባቢ ታላላቅ ሰዎችን እንዴት ይወቅ?

የሰው ልጅ መልካም ሥራን ከቃል ይልቅ ከሰው ይማራል። ሕፃን የአባቱን አረማመድ፣ ደቀ መዝሙር የመምህሩን ዜማ፣ ወታደር የአለቃውን ጽናት አይቶ ይከተላል። ከቤቱና ከደብሩ አልፎ ሰፊውን ዓለም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ በዓይኑ ያላያቸውን ታላላቅ ሰዎች በመጽሐፍና በጋዜጣ ያገኛቸዋል። ስለዚህ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ እንዴት ሊጻፍና እንዴት ሊነበብ እንደሚገባ መመርመር ለደራሲዎች ብቻ የተተወ ነገር አይደለም፤ የቤተ ሰብና የከተማ፣ የደብርና የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው።

ለዚህ ምርመራ መነሻ የሚሆኑ ሦስት ቃላት አሉ፤ እነዚህም ገድል፣ ታሪክና ዜና ናቸው። ገድል የቅዱሳንን ተጋድሎ ይናገራል፤ ምእመንም በእምነትና በጸሎት ይቀበለዋል። ታሪክ የሆነውን ነገር ከዘመኑና ከምክንያቱ ጋራ አያይዞ ይናገራል፤ አንባቢም መዝኖ ይቀበለዋል። ዜና በቅርብ የሆነውን ያሰማል፤ ሰሚውም ጠይቆና አጣርቶ ይቀበለዋል። ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ አራተኛ ቃል አለ፤ እርሱም ወሬ ነው። አማርኛ እውነተኛውን የሩቅ አገር ነገርም፣ የጎረቤትን ሐሜትም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራል። ቃሉ ሁለቱን አቀላቅሎ መያዙ ሰሚው ራሱ እንዲለይ የሚያስጠነቅቅ ይመስላል። አባቶች «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምር» ያሉት ስለዚህ ነው።

የዚህ ዘመን አንባቢ የሚሳሳተው እነዚህን አራቱን ሲያደበላልቅ ነው። ስለ አንድ ዝነኛ ሰው የተጻፈውን እንደ ገድል ይቀበላል፤ ነውሩን የሚናገርበትንም እንደ መናፍቅ ይቈጥራል። የዕለቱን ዜና ግን እንደ ወሬ ሰምቶ፣ እንደ ወሬ አውርቶ፣ እንደ ወሬ ይረሳዋል። በዚህ ዓይነት መመዘን የሚገባው ሳይመዘን፣ መጠየቅ የሚገባውም ሳይጠየቅ ያልፋል። ከዚህም የተነሣ ሰውዬው ሲያደንቅ ይታለላል፤ ሲሰማም ይደነግጣል እንጂ አይማርም።

ቤተ ክርስቲያን የታላላቅ ሰዎችን ሕይወትና የዕለት ንባብን አንድ አድርጋ የምትይዝበት መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ አላት፤ ይኸውም ስንክሳር ነው። ይህ መጽሐፍ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተተረጐመ፤ ከዚያም በኋላ የኢትዮጵያ ቅዱሳን ታሪክ እየተጨመረበት ሰፋ። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ጳጕሜን ፍጻሜ ድረስ ለእያንዳንዱ ዕለት የሚነበብ ክፍል አለው። አቀራረቡን በሥነ ጽሑፍ ዓይን ለሚመለከት ሰው ብዙ ጥበብ ይታያል። ንባቡ አጭር ነው፤ የሰውዬውን ስም፣ አገሩንና ያረፈበትን ዕለት ይናገራል፤ በሰላም ድርሰት ይዘጋል፤ ሰሚውም ወደ ሥራው ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሲነበብ አይውልም፤ አንድም ቀን ግን አይታጐልም። ለምግብ ልክ እንዳለው ሁሉ ለንባብም ልክ እንዳለው ስንክሳር ያስተምራል።

ዳሩ ግን በስንክሳር ከሚነበበው ቅዱስና በጋዜጣ ከሚነበበው ዝነኛ ሰው መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ቅዱሱ ሩጫውን ፈጽሞአል፤ ቤተ ክርስቲያንም ፍጻሜውን አይታ መስክራለታለች። ዝነኛው ሰው ግን ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ የተመሰገነበትን ነገ ሊያፈርሰው፣ ዛሬ የተነቀፈበትንም ነገ ሊያቀናው ይችላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለዕብራውያን በጻፈው መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ፣ ምእመናን የዋኖቻቸውን የኑሮ ፍጻሜ እየተመለከቱ እምነታቸውን እንዲከተሉ ሲያዝዝ፣ ፍጻሜ የሚለውን ቃል የጨመረው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ በሕይወት ያለን ሰው አርአያ ያደረገ ሁሉ ሥራውን በየጊዜው የመከታተል ዕዳ አለበት። ማድነቅና ዜና ማወቅ የሚገናኙት በዚህ ነው።

በአማርኛ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ሰብስቦ ለአንባቢ በማቅረብ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከቀደሙት አንዱ ናቸው። በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» የተባለው መጽሐፍ፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን የታሰበ መሆኑን ከርእሱ ጀምሮ ይናገራል። የመጽሐፉ ዋና መልካምነት እዚህ ላይ ነው፤ ሟቹን ለማስመስገን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተወለደውን ለማስተማር ተጽፎአልና። ሁለተኛው መልካምነቱ አጭርነቱ ነው። ብላቴን ጌታ የቤተ ክህነት ትምህርት የጠገቡ ሰው ስለ ነበሩ፣ የስንክሳርን ቁጥብነት ወደ ዓለማዊው ታሪክ ያሻገሩ ይመስላል።

ነገር ግን አጭርነት ጕድለትም አለው። ሰው ተወለደ፣ ተሾመ፣ ሞተ ሲባል ስሙ ይታወቃል፤ በጭንቅ ጊዜ ምን እንደ መረጠና ለምን እንደ መረጠ ግን አይታወቅም። አንባቢን የሚያነሣሣው ግን ሹመቱ አይደለም፤ ምርጫው ነው። ደግሞም በዋና ከተማ የሚኖር የቤተ መንግሥት ሰው የሚጽፈው በቅርብ የሚያውቀውንና ሰነዱ በእጁ የሚገኘውን ነው። በሩቅ አገር የሚኖር አንባቢ የራሱን አገር ታላላቅ ሰዎች ሲፈልግ ወደ ሌላ ምስክር መሄድ ግድ ይሆንበታል። ይህ ሁኔታ እንደ ከፋ ጐልቶ የሚታይበት አገር ጥቂት ነው።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደንና በኮረብታ መካከል የምትገኝ የከፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። የከፋ መንግሥት እስከ 1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በራሱ ነገሥታት ይተዳደር ነበር። ንጉሡም «ታቶ» ይባላል፤ «ሚኪሬቾ» የሚባሉ ሰባት አማካሪዎችም ነበሩት። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1882 ዓ.ም. ገደማ ነገሡ። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ የዐፄ ምኒልክን ጦር እየመሩ ዘመቱባቸው፤ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም በዘመቻው ተካፈሉ። ታቶ ጋኪ ጠመንጃ ከታጠቀ ትልቅ ጦር ጋራ ፊት ለፊት መግጠም እንደማይችሉ ባወቁ ጊዜ በደን ውስጥ እየተሸሸጉ ብዙ ወራት ተከላከሉ። በመጨረሻ በ1890 ዓ.ም. በመስከረም ወር ተማረኩ፤ ከዚያም በኋላ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በግዞት ኖረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም. ዐረፉ።

የእኒህን ሰው ታሪክ የሚፈልግ አንባቢ የሚያገኛቸው ምስክሮች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ናቸው። የሥነ ጽሑፍ መርማሪ ሥራም እዚህ ይጀምራል፤ ምስክሩ ምን አለ ከማለት አስቀድሞ፣ ምስክሩ ማን ነው፣ መቼ መጣ፣ ከማን ጋራ መጣ፣ ምንስ ፈልጎ መጣ ብሎ ይጠይቃልና።

በኢትዮጵያ አቡነ መስያስ ተብለው የታወቁት ካፑቺናዊው ጉልየልሞ ማሳያ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1859 እስከ 1861 ዓ.ም. በከፋ ኖረዋል። በኋላም ካርዲናል ሁነው ስለ 35 ዓመት ስብከታቸው የጻፉት መጽሐፍ ከ1885 እስከ 1895 ዓ.ም. በ12 ክፍል ታተመ። በአገሩ ተቀምጠው፣ ከሕዝቡ ጋራ በልተውና ጠጥተው የጻፉ በመሆናቸው ምስክርነታቸው ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ነገር ግን ከከፋ በግድ ተባርረው ወጥተዋል፤ መጽሐፉንም የጻፉት ከብዙ ዓመት በኋላ በሽምግልና ነው። ስለዚህ ያዩትን ከሚያስታውሱት፣ የሚያስታውሱትንም ከተሰማቸው ኀዘን ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ደግሞም ስለ ቀደሙት ነገሥታት ይናገራሉ እንጂ ታቶ ጋኪን በንግሥናቸው አላዩአቸውም።

ሁለተኛው ምስክር ሩሲያዊው መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነው። ታቶ ጋኪ ከተማረኩ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ወደ ሩዶልፍ ባሕር ከሚዘምተው ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋራ ሊሄድ በከፋ አለፈ። መጽሐፉም በ1900 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ታተመ። ይህ ሰው የአሸናፊው ጦር እንግዳ ነበር፤ ራስ ወልደ ጊዮርጊስንም ያደንቃቸዋል። ነገር ግን ጦርነቱ በከፋ ላይ ያደረሰውን ጥፋት ሳይሸሽግ ጽፎአል። ከወዳጅ ወገን የመጣ ምስክር ወዳጁን የሚከብድ ነገር ሲናገር፣ ቃሉ በዳኛ ፊት ይጸናል፤ ስለዚህ የቡላቶቪች መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው አድናቆቱን በሚናገርበት ገጽ ሳይሆን ኀዘኑን በሚናገርበት ገጽ ነው።

የቡላቶቪች የራሱ ሕይወትም ለአንባቢ ትምህርት ነው። ይህ ፈረሰኛ መኰንን ኋላ መነኰሰ፤ አባ አንቶኒ ተብሎ በአቶስ ተራራ ገዳም ኖረ። በ1912 እና በ1913 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ እግዚአብሔር ስም ክብር በሩሲያ መነኰሳት መካከል በተነሣው ክርክር ከአንደኛው ወገን መሪዎች ዋነኛው ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያኑም ሲኖዶስ ይህን ወገን አወገዘው። በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአገሩ ሳለ በሰው እጅ ተገደለ። በ1900 ዓ.ም. መጽሐፉን ያነበበ ሰው ቡላቶቪች ጀግና መንገደኛ ነው ብሎ ፈርዶ ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ሳያውቅ በፈረደ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው መጨረሻው ምዕራፍ ያልተጻፈ መጽሐፍ ነው።

ሦስተኛው ምስክር የቪየናው ፍሪድሪኽ ቢበር ነው። በ1905 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወደ ከፋ ተጕዞ የሕዝቡን ሥርዓት፣ ቋንቋና የነገሥታቱን ታሪክ ከአገሩ ሰዎች እየጠየቀ ሰበሰበ፤ ስለ ከፋ የጻፈውም ትልቅ መጽሐፍ በ1920 እና በ1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሁለት ክፍል ታተመ። ያለ እርሱ ድካም ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። ነገር ግን የወደቀ መንግሥትን የሚወድ ሰው የመንግሥቱን ክብር ከባሪያው እንባ አስበልጦ ሊያይ ይችላል። መጽሐፉም በጀርመንኛ የተጻፈ በመሆኑ፣ ቃላቸውን የሰጡት ሽማግሌዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ሊያነቡት አልቻሉም። አንድ ሕዝብ ስለ አባቱ የተናገረውን ቃል ራሱ ማንበብ ሳይችል መቅረቱ ለሥነ ጽሑፍ መርማሪ ከቀላል ጕድለት የሚቈጠር አይደለም። ይህን ጕድለት ለመሙላት አቶ በቀለ ወልደ ማርያም ስለ ከፋ መንግሥት የጻፉት ታሪክ በጎ መንገድ ከፍቶአል።

እንግዲህ አንባቢ ከታቶ ጋኪ ሸሮቾ ሕይወት ምን ይውሰድ? ጽናታቸውን መውሰድ ይችላል። ኀይሉ እንደማይመጣጠን እያወቁ የተሰጣቸውን አደራ በቀላሉ አለመልቀቃቸው በማንኛውም ዘመን ያለን ሰው ያነሣሣል። ነገር ግን ታሪክ እንጂ ገድል አይደለምና ሌላውም ሊነገር ይገባዋል። በከፋ መንግሥት ባርነትና የባሪያ ንግድ ነበረ። ከመንግሥቱ ውድቀት በኋላም የባሪያ ፈንጋዮች ሥራ አገሩን ይበልጥ ባዶ አደረገው፤ ሕጉ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የንጉሡን ጽናት የሚያመሰግን ሰው በንጉሡ አደባባይ ስሙ ያልተጠራውን ባሪያ ቢረሳ፣ ምስጋናው ግማሽ እውነት ይሆናል። የዘማቹን ጦር ድል የሚያመሰግንም ሰው በመንገድ ዳር የቀረውን የከፋ ገበሬ ቢረሳ እንዲሁ ነው። እውነተኛ አርአያ ነውሩ ሲነገር የማይፈርስ ነው፤ በመደበቅ ብቻ የሚቆም አርአያ ግን ከመጀመሪያውም ጣዖት ነበር።

ስለ ታቶ ጋኪ የሚነገር አንድ ትረካ አለ። ተማርከው ከአገራቸው ሲወጡ የወርቅ ቀለበታቸውን አውጥተው ወንዝ ውስጥ ጣሉት፤ የከፋ ነገሥታት ፍጻሜም በዚያ ይሁን አሉ ይባላል። ይህን ትረካ እንዴት መቀበል ይገባል? እንደ ሰነድ ቢቀበሉት ምስክሩ ማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። እንደ ሐሰት ቢጥሉትም ታላቅ ነገር ይጠፋል፤ አንድ ሕዝብ መጨረሻውን እንዴት እንዳሰበው የሚያሳይ ነውና። የሚገባው በሚነገርበት ስም መጥራት ነው፤ «ተባለ» መባል ያለበትን «ሆነ» አለማለት። ታማኝ ጸሓፊና አታላይ ጸሓፊ ብዙ ጊዜ የሚለዩት በዚህች በአንዲት ቃል ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሌላ የከፋ ነገር አለ። በዓለም ሁሉ ስለ ቡና ሲነገር ካልዲ የሚባል ፍየል ጠባቂ ስሙ ይጠራል፤ ፍየሎቹ የቡና ፍሬ በልተው ሲዘልሉ አይቶ ቡናን አገኘ ይባላል። ብዙ ሕፃናትም ይህን ስም ከማንኛውም የከፋ ሰው ስም አስቀድመው ይማራሉ። ነገር ግን ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለው ማሮናዊ ሊቅ በ1671 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሮም ባሳተመው መጽሐፍ ትረካውን ሲጽፍ ካልዲ የሚል ስም አልጠራም፤ ነገሩንም ያደረገው በየመን እንጂ በከፋ አይደለም። ስሙ የተጨመረው ኋላ ነው። ስለዚህ ካልዲ የታሪክ ሰው ሳይሆን የተረት ሰው ነው። ተረትን ተረት ብሎ መውደድ ነውር የለውም፤ ተረትን ታሪክ ብሎ ማስተማር ግን ነውር ነው።

በዚህ ስሕተት የሚጐዳው ከሁሉ ይልቅ ከፋ ራሱ ነው። የዕፀዋት ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለቡና ስም ሲያወጣ የዓረብ ቡና ብሎ ሰየመው፤ የዱር ቡና የትውልድ ምድር ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን የኋላ ሊቃውንት አረጋገጡ። የከፋ እውነተኛ ክብር አንድ እረኛ በድንገት ያገኘው ነገር አይደለም። ስማቸው ያልተጻፈ ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ ከጥላው ዛፍ ጋራ ጠብቀው ያቈዩት ደን ነው። ይህ ደን በሰኔ 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዘገበ፤ ስፋቱም 760,000 ሄክታር ያህል ነው። የካልዲን ስም የሚያውቅ፣ ይህን ግን የማያውቅ የቦንጋ ተማሪ ቢገኝ፣ ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን ያስተማሩት ጸሓፊዎች ነው። ዝነኛ ስም የብዙ ሰዎችን ሥራ ጠቅልሎ ሊወስድ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

ከታሪክ ወደ ዕለቱ ዜና ሲመጣም ሚዛኑ ያው ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይታደል ነበር፤ ስሙንም የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው ይባላል። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ሲመሠረት ወሬን ወደ ዜና የማሳደግ ተስፋ ሰፋ። የሁለቱ ጋዜጦች ስም ራሱ ትምህርት ነው፤ መሥራቾቹ ጋዜጣን በአእምሮና በብርሃን ስም ጠሩት እንጂ በፍጥነት ስም አልጠሩትም። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ጋዜጣ ከፋ የሚደርሰው በበቅሎ መንገድ ስለ ነበረ፣ ዜናው ከእውነቱ ይልቅ በመዘግየቱ ይነቀፍ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦአል፤ በቦንጋ ገበያ የቆመ ሰው በእጁ በያዘው ስልክ የዓለሙን ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማል። ዜናው አይዘገይም፤ የዘገየው ማጣራቱ ነው።

ዜናን ማወቅ የምሁር ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ የቡና ገበሬ ኑሮ ያስረዳል። የአዲስ አበባን ዋጋ የማያውቅ ገበሬ ነጋዴ በነገረው ዋጋ ከመሸጥ በቀር ምርጫ የለውም። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም የዕለቱን ዋጋ ለሕዝብ ማስታወቅ ከሥራው አንዱ የሆነው ስለዚህ ነው። እንዲሁም መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የከፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋራ ድምፅ ሰጡ፤ ኅዳር 14 ቀንም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆነች። ይህን የመሰለው ነገር በቤቱ በራፍ ሲሆን፣ የሩቅ አገር ዝነኞችን ጋብቻና ጠብ ሲከታተል የሚውል ሰው ብዙ ሰምቶ ምንም አላወቀም ይባላል።

ለዚህ ሁሉ መድኀኒቱ በሐዋርያት ሥራ 17ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ጳውሎስ ወደ ቤርያ ሄዶ ባስተማረ ጊዜ፣ የዚያች ከተማ ሰዎች ቃሉን በደስታ ተቀበሉ፤ ነገር ግን ነገሩ እንደ ተባለው መሆኑን ለማወቅ በየዕለቱ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስም በዚህ አመሰገናቸው እንጂ ተጠራጣሪዎች ብሎ አልነቀፋቸውም። የቤርያ ሰዎች ሁለቱን ነገር በአንድነት ያዙ፤ ታላቁን ሰው በደስታ ሰሙት፤ የተናገረውንም በየዕለቱ አጣሩ። ጳውሎስን የሚያህል ሐዋርያ ሲመረመር ካልተቈጣ፣ በዘመኑ ያለ ሹም፣ ባለጠጋ፣ ዘፋኝ ወይም ተናጋሪ ሲመረመር ሊቈጣ ምን መብት አለው?

የቤርያን ሰዎች ልማድ ወደ ቦንጋ ለማምጣት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ስንክሳር እንዳስተማረው በቀን የተወሰነ ሰዓት ለዜና መስጠትና ከዚያ ወዲያ መዝጋት፤ ነገሩን የተናገረው ማን እንደ ሆነ፣ መቼና ከየት እንደ ተናገረ መጠየቅ፤ በዓይኑ ያየውን ሰው ከሰማው ሰው መለየት፤ አንድ ሰው ብቻ የተናገረውን ሁለተኛ ምስክር እስኪገኝ በ«ተባለ» ማቈየት። እነዚህ አራት ነገሮች አልፍሬድ ይሁን አባ ወልዴ፣ የውጭ መጽሐፍ ይሁን የገበያ ወሬ፣ በማንኛውም ላይ ይሠራሉ።

ካህናት ከዚህ የሚበልጥ ኀላፊነት አለባቸው። በዐውደ ምሕረት ላይ በሕይወት ያለ ሰው ስም አርአያ ሁኖ ሲጠራ ሰሚው እንደ ገድል ይቀበለዋል። ሰውዬው ነገ ቢወድቅ የሚሰናከለው የሰውዬው ክብር ብቻ አይደለም፤ የዐውደ ምሕረቱም ቃል ነው። መልካም ሥራውን ማመስገን ይገባል፤ ነገር ግን ሥራውን ከሰውዬው ለይቶ ማመስገን የበለጠ ጥንቃቄ ነው። መምህራንም በበኩላቸው የከፋን ሽማግሌዎች ቃል፣ ሊቃውንቱ በጀርመንኛና በሩሲያኛ እንደ ጻፉት ሳይሆን፣ በአማርኛና ካፊ ኖኖ በሚባለው በከፋ ቋንቋ ቢጽፉት የብላቴን ጌታን ማስታወሻ ወደ ራሳቸው አገር ያደርሱታል። ኖኖ በዚያ ቋንቋ አፍ ማለት ነው። የአንድ ሕዝብ ታሪክ በራሱ አፍ ካልተነገረ ሁልጊዜ የእንግዳ ምስክርነት ሁኖ ይኖራል።

ያለፉትን ታላላቅ ሰዎች የማያውቅ ሰው የዛሬውን ዜና የሚመዝንበት ሚዛን የለውም፤ የዛሬውን ዜና የማያውቅም ሰው ያለፉትን የሚያደንቀው በከንቱ ነው፤ በሚኖርበት ቀን የሚሠራበት አይሆንምና። ታቶ ጋኪ ሸሮቾን በእውነት የሚያከብር የከፋ ልጅ የቀለበቱን ትረካ በማውራት አይወሰንም፤ ንጉሡ የተሸሸጉበት ደን ዛሬ በምን ሁኔታ እንዳለ ይጠይቃል፤ የሰማውንም መርምሮ ለጎረቤቱ ያስረዳል።